ኢሲዩው እሳቱን ሲያዘገይ፦ የተማረውን ከማጥፋታችሁ በፊት አንብቡት

መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ደህና ናት። ሞተሩ ሞቅ ሲል ግን ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥባት ትለግማለች። የሞተር መብራት አልበራም፣ ኮድም የላትም። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስካነር ሰኩ፣ ትንሽ አዩና "ሜሞሪዋን እናጥፋላት" ብለው አጠፉላት። እውነትም በረረች። ለሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ያው ልግመቷ ተመለሰ፣ እኔም ተመለስኩ፣ እነሱም ደግመው አጠፉላት።

ለካ የሚያጠፉት ማስረጃውን ኖሯል። ኢሲዩው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስተዳድረው ኮምፒውተር፣ ለሳምንታት ከሞተሩ ውስጥ ኳኳታ ሲሰማ፣ በሰማ ቁጥር የካንዴላውን እሳት ሲያዘገይ፣ የት የት ላይ እንዳዘገየም ሲመዘግብ ቆይቷል። ያ መዝገብ ሲጠፋ ሞተሩ ለጊዜው ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል። ኳኳታው ግን እዚያው ነው። ኢሲዩው እንደ አዲስ ይሰማል፣ እንደ አዲስ ያዘገያል፣ እኛም እንደ አዲስ ጋራዥ እንሄዳለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? መዝገቡን ሳናነብ ስናጠፋ የምንደብቀው እኛው ነን።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አሳያችኋለሁ፦ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ የተማረውን እንዴት እንደምታነቡ፣ ምክንያቱን እንዴት እንደምታድኑ፣ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደምታጠፉና እንደገና እንደምታስተምሩ። መጨረሻ አካባቢ ኢሲዩ በራሳቸው ለሚያስተካክሉ ሰዎች ጥቂት ጨምሬያለሁ። ሌላው ሰው እዚያ ድረስ ባይመጣም ምንም አይጎድልበትም።

እሳቱ ለምን ይቀድማል

ሲሊንደር ውስጥ ያለው ቤንዚንና አየር በአንዴ ቦግ አይልም፣ ይነዳል። እሳቱ ከካንዴላው ጫፍ ተነስቶ ግድግዳው ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) በአንድ ሚሊሰከንድ ብቻ 18 ዲግሪ ይሄዳል። ፒስተኑ ጫፍ እስኪወጣ ጠብቃችሁ እሳት ብትሰጡት፣ ግፊቱ ሲደርስ ፒስተኑ ወርዶ ሄዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ስለዚህ እሳቱ ቀድሞ ይሰጣል፣ ይኼ ነው አድቫንስ የሚባለው። ዓላማው ከፍተኛው ግፊት ፒስተኑ ጫፉን አልፎ 15 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ እንዲገኝ ማድረግ ነው።

ምን ያህል ይቅደም? እሱ እንደ ሁኔታው ነው። ሜዳ ላይ በቀስታ ስትነዱ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ስለዚህ ስካነሩ ላይ 30 እና 40 ዲግሪ ብታዩ አትደንግጡ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ስትረግጡት አየሩ ይታመቃል፣ መንደዱ ይፈጥናል፣ አድቫንሱም ወደ 20ዎቹ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ጉልበቱን እንደ ኮረብታ አስቡት። አናቱ ጠፍጣፋ ነው፣ 2 ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ቢል እግራችሁ እንኳ አያውቀውም። 10 ዲግሪ ከቀነሳችሁ ግን ቁልቁለቱ ላይ ናችሁ፤ ጉልበት ይጠፋል፣ ነዳጅ ይበላል፣ የጭስ ማውጫው ሙቀትም ይጨምራል፣ ምክንያቱም ፒስተኑን መግፋት የነበረበት ሙቀት በቫልቩ በኩል ወጥቶ ይሄዳል።

ታዲያ ሁልጊዜ አናቱ ላይ ለምን አንቀመጥም? ኖክ አለ። ከካንዴላው የተነሳው እሳት እየመጣ ሳለ፣ ጥግ ላይ ተራውን የሚጠብቀው ቤንዚንና አየር በግፊትና በሙቀት ተጨንቆ በራሱ ቦግ ሲል የሚሰማው ኳኳታ ነው። ትንሽ ትንሽ ሲሆን ዕዳው ገብስ ነው። እየበረታ ሲሄድ ግን ፒስተን ይቦረቡራል፣ ሪንግ ይሰብራል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይበላል።

ድሮ ይኼን ሁሉ የሚያስተዳድሩት ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው) ውስጥ ያሉ ሁለት ትንንሽ ክብደቶች፣ ጥቂት ስፕሪንጎችና አንድ የቫኪዩም ክዳን ነበሩ። ክብደቶቹ የዙሩን ፍጥነት ያውቃሉ፣ ቫኪዩሙ ጭነቱን ያውቃል፣ ኳኳታን የሚሰማ ግን አንድም አልነበረም። በ1979 ቦሽ ሞትሮኒክን ቢኤምደብሊው 732አይ ላይ ሲያወጣ ነዳጅና እሳት በአንድ ኮምፒውተር ሥር ገቡ። ኖክ ሴንሰር ደግሞ በዚያው አሥርት መጨረሻ ተርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት የሚገባላቸው፣ ሞተሮች ላይ መታየት ጀመረ። ሳአብ በ1982 ባመጣው ኤፒሲ የተባለ መቆጣጠሪያ ኳኳታ ሲሰማ የሚቀንሰው የተርቦውን ግፊት ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሞተር መጀመሪያ የሚነካው እሳቱን ነው።

መስማት፣ ማዘግየት፣ መማር

ኖክ ሴንሰሩ ሞተሩ ብሎክ ላይ በአንድ ቡሎን የታሰረ ጆሮ ነው። ውስጡ ሲጨመቅ ቮልቴጅ የሚያወጣ ክሪስታል አለ። ኢሲዩው ግን ሁሉንም ድምፅ አይሰማም። እያንዳንዱ ሲሊንደር ከተቀጣጠለ በኋላ ለጥቂት ዲግሪ ብቻ መስኮት ይከፍታል፣ በዚያ መስኮት ውስጥ የተወሰነ ድግግሞሽ ይለያል፣ ከተለመደው ጫጫታ በላይ ከሆነ "ይኼ ሲሊንደር አንኳኳ" ይላል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀውም በዚሁ ነው፦ በማን ተራ እንደተሰማ ያያል።

ከሰማ በኋላ የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው። ቶሎ ይቀንሳል፣ ቀስ ብሎ ይመልሳል። ለምሳሌ በአንድ ኳኳታ 2 ወይም 3 ዲግሪ በአንዴ ያወርድና፣ ዝም ሲል በትንንሽ ደረጃ እየጨመረ ወደነበረበት ይወጣል፣ ደግሞ ቢሰማ ደግሞ ያወርዳል። ይኼ ጊዜያዊው ማስተካከያ ነው። ቁልፉን ስታጠፉት አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ነው የኛ ጉዳይ። ኢሲዩው በአንድ ቦታ፣ በሉ በ2800 ዙር በከባድ ጭነት፣ ደጋግሞ ካዘገየ "እዚህ ጋ ሁልጊዜ ችግር አለ" ብሎ ለዚያች ቦታ የሚሆን ቅናሽ ይጽፋል። በሚቀጥለው ቀን እዚያ ስትደርሱ ኳኳታ ሳይጠብቅ ቀድሞ ያዘገያል። ከዚህም ሌላ ብዙ ኢሲዩዎች "ይኼ ነዳጅ በጥቅሉ ምን ያህል ይታመናል" የሚል አንድ ቁጥር ይይዛሉ። ፋብሪካው እሳቱ ስንት ዲግሪ እንዲቀድም ከጻፈላቸው የጥሩ ነዳጅና የመጥፎ ነዳጅ ሰንጠረዦች መሃል የሚመርጡት በእሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ ያዙ

ተራው ርካሽ ስካነር "ታይሚንግ አድቫንስ" የሚል አንድ መስመር ይሰጣችኋል፤ ታይሚንግ እሳቱ የሚሰጥበት ጊዜ ነው። ይኼ የመጨረሻው ውጤት ነው። 14 ዲግሪ ቢላችሁ፣ 14 የሆነው ሰንጠረዡ እንደዚያ ስለሚል ይሁን ወይስ 20 ነበረና 6 ስለተቀነሰ፣ አይነግራችሁም። የአምራቹን የራሱን ዳታ የሚያነብ መሣሪያ ወይም አፕሊኬሽን ያስፈልጋችኋል።

ስሙም አቅጣጫውም እንደ አምራቹ ይለያያል፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጂኤም መኪኖች ላይ የኖክ ቅናሹ እንደ አዎንታዊ ቁጥር ይመጣል፤ 5 ካለ 5 ዲግሪ ተቀንሷል። ሱባሩ ላይ ቅናሾቹ ኔጌቲቭ ናቸው፣ አጠቃላይ ማባዣው (ያ ነዳጁ ምን ያህል እንደሚታመን የሚለው ቁጥር) ደግሞ በብዙዎቹ ላይ 1 ሲሆን ሙሉ ነው፣ ወደ 0 ሲወርድ ኢሲዩው ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው። ቶዮታ ላይ የተማረው ዋጋ ሲበልጥ ይሻላል። ፎርድ ኢኮቡስት ላይ ተቃራኒ ይመስላል፤ የኦክቴን ቁጥሩ (ኦክቴን ነዳጁ ኳኳታን የሚቋቋምበት አቅም ነው) ኔጌቲቭ 1 ሲሆን ነው ሞተሩ ደስ ያለው። ቮልስዋገን የየሲሊንደሩን ቅናሽ በዲግሪ ለየብቻ ያሳያል፣ ለኔ ከሁሉም የሚመቸኝ እሱ ነው። መኪናችሁ የየትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ ቁጥር አይታችሁ አትፍረዱ።

ደረጃ 2፦ ምንም ሳትነኩ ጻፉት

ስልክ አውጡና የስካነሩን ስክሪን ፎቶ አንሱ። የተማሩት ዋጋዎች፣ የየሲሊንደሩ ቅናሽ፣ የነዳጅ ማስተካከያዎቹ (ኢሲዩው ነዳጁን ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ)፣ ያሉት ኮዶች በሙሉ። ባትሪ አትፍቱ። "መጀመሪያ እናጽዳውና እንይ" የሚል ሰው ካጠገባችሁ ካለ ሻይ ጋብዙትና አርቁት።

ደረጃ 3፦ መሠረቱ ትክክል መሆኑን እዩ

ከኖክ በፊት የሚጣሩ ነገሮች አሉ። የሞተሩ ውሃ ሙቀት በትክክለኛው ቦታ ላይ ይቆማል? የሚገባው አየር ሙቀት ውጭ ካለው አየር በጣም ይበልጣል? የረጅም ጊዜው የነዳጅ ማስተካከያ ፕላስ 10 በመቶን አልፏል? ካለፈ ኢሲዩው ነዳጅ እየጨመረ ነው፣ ማለትም የሆነ ቦታ የአየር ሌብነት (ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር) ወይም የነዳጅ ግፊት ማነስ አለ፣ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ደግሞ ያንኳኳል። ይኼን ሳታስተካክሉ ታይሚንግ ላይ መሟገት ጊዜ ማባከን ነው።

ዲስትሪቢዩተር ያለው ሞተር ከሆነ መነሻ ታይሚንጉን በታይሚንግ ላይት ማየት ግድ ነው። ለምሳሌ ቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ላይ መመርመሪያ ሶኬቱ ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኛሉ፣ ኢሲዩው ማስተካከሉን ያቆማል፣ በሚኒሞ 10 ዲግሪ ከጫፍ በፊት መሆን አለበት። ሰው ዲስትሪቢዩተሩን በጆሮው አዙሮ 16 ላይ ትቶት ከሆነ፣ ኢሲዩው 20 ብሎ የሚያስበው እውነቱ 26 ነው። ከዚያ ያንኳኳል፣ ይቀንሳል፣ ይማራል፣ እኛም ሴንሰሩን እንከሳለን። አዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ የሚዞር ነገር የለም፣ ይኼን ዝለሉት።

ደረጃ 4፦ መንገድ ላይ መዝግቡ

ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ስክሪኑን የሚያየው አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ይሁን፣ እናንተ መንገዱን እዩ። የምትመዘግቡት ጥቂት ነገር ብቻ ነው፦ የሞተር ዙር፣ ጭነት፣ ታይሚንግ፣ የኖክ ቅናሽ፣ የውሃና የአየር ሙቀት። ርካሾቹ አስማሚዎች ቀርፋፋ ናቸው፤ 20 ነገር ከጠየቃችኋቸው እያንዳንዱን አልፎ አልፎ ነው የሚያመጡት፣ ኳኳታው መሃል ላይ ያመልጣችኋል።

ከዚያ ክፍት መንገድ ላይ በ3ኛ ማርሽ ከ2000 ዙር ተነስታችሁ ነዳጁን ሦስት አራተኛ ያህል ረግጣችሁ እስከ 4500 ውጡ። ልቀቁ። ደግማችሁ በሙሉ ርገጡ። ሦስተኛውን ደግሞ ረጋ ብላችሁ በትንሽ ነዳጅ። ሦስቱም አንድ ዓይነት መንገድ ላይ ይሁኑ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን በእጅ ያዙት፣ አለበለዚያ መሃል ላይ ይቀይርና መዝገቡን ያበላሸዋል።

የማያስደነግጡ ነገሮች

ማርሽ ሲቀየር ታይሚንጉ ለቅጽበት ዘጭ ይላል፤ ሞተሩ ለማርሽ ሳጥኑ ሲል ጉልበት እየቀነሰ ነው። በሚኒሞ ላይ ቁጥሩ ከ5 እስከ 15 ወዲያ ወዲህ ይንጦለጦላል፤ ኢሲዩው ዙሩን የሚያረጋጋው በእሳቱ ስለሆነ ነው። ጠዋት ሞተር እንደተነሳ 0 ወይም ከ0 በታች ብታዩ፣ ሆን ብሎ አዘግይቶ ካታሊቲኩን (የጭሱን መርዝ የሚያጣራውን) እያሞቀ ነው። ይኼን ሁሉ አይቶ "ታይሚንጉ ተበላሽቷል" ብሎ ሴንሰር ያስቀየረ ሰው አውቃለሁ። አንድ ጊዜ እኔው ነበርኩ።

ደረጃ 5፦ መዝገቡን አንብቡ

ልቡ እዚህ ነው፣ ረጋ በሉ።

አንድ ሲሊንደር ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ 5 እና 6 ዲግሪ ከተቀነሰበት ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው። ካንዴላውን ፍቱ። ነጩ ሸክላ ላይ እንደ ቁንዶ በርበሬ የተበተኑ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ወይም የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ብናኝ ካያችሁ ኳኳታው እውነት ነው፣ ያውም የቆየ። ኢንጀክተሩ ተደፍኖ ይሆናል፣ ወይም በሪንግ በኩል ዘይት እየወጣ ነው፤ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ሲገባ የነዳጁን ኦክቴን ያወርደዋል። ካንዴላው የተሳሳተ የሙቀት ቁጥር ያለው ሊሆንም ይችላል። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፦ ኤንጂኬና ዴንሶ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፣ ቦሽ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። ቁጥሩን ብቻ እያመሳሰለ የሚቀይር ሰው በቀላሉ ይገለብጠዋል።

ሁሉም ሲሊንደር እኩል ከቀነሰ፣ ያውም በዝቅተኛ ዙርና በከባድ ጭነት ላይ ከበረታ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ነዳጁን ነው። የመኪናው መመሪያ የሚጠይቀው ኦክቴን ስንት ነው፣ የምትቀዱትስ? ሲነበብ መለኪያውን ለዩ፤ በአሜሪካ መለኪያ 87 የሚባለው በሌላው ዓለም መለኪያ ወደ 91 ነው፣ ስለዚህ ከውጭ የመጣ መመሪያ ስታነቡ ቁጥሩን ብቻ አትያዙ። ከነዳጁ ቀጥሎ ካርቦን ይመጣል፤ የፒስተን አናት ላይ የተጋገረ ካርቦን ቦታ ይወስዳል፣ መጭመቁን ይጨምራል፣ ሙቀትም ይይዛል። ኢጂአሩ (ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ) ተደፍኖ ከሆነም ያው ነው።

ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ራዲያተሩን፣ ቴርሞስታቱንና ተርቦ ካለው የተርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለሩን እዩ።

አሁን ደግሞ እንግዳው ዓይነት። ቅናሹ ሁሉም ሲሊንደር ላይ እኩል፣ ሁልጊዜ በዚያው ዙር፣ ነዳጁን ብትረግጡትም ብዙ ባትረግጡትም የሚመጣ ከሆነ፣ ኢሲዩው የሚሰማው ኳኳታ ላይሆን ይችላል። የሆነ ነገር እየተርገፈገፈ ነው። የኔዋ መኪና እንዲህ ነበረች። በመዝገቡ ላይ ከ2600 እስከ 3000 ዙር፣ አራቱም ሲሊንደር፣ በ2ኛም በ4ኛም ማርሽ። ከ3000 ካለፈ ፀጥ። ነዳጅ ቀየርኩ፣ ከፍ ያለ ኦክቴን ሞላሁ፣ ቅናሹ ንቅንቅ አላለም። ይኼ ራሱ ትልቁ ምልክት ነበር፤ እውነተኛ ኖክ ነዳጅ ሲሻሻል ይቀንሳል፣ የብረት ጩኸት ግን ኦክቴን አያውቅም።

ማታ ቦኔቱን ከፍቼ፣ ሞተሩ እንደ ጋለ፣ ጓደኛዬ ዙሩን 2800 ላይ ያዘልኝ። እኔ ረጅም ካቻቢቴ ይዤ ጫፉን በየቦታው እያስነካሁ እጄታውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። የጭስ ማውጫው ላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ጋ ስደርስ እንደ ንብ ጮኸ። አንደኛው የቡሎን ቀዳዳ በዝገት ተበልቶ ሰፍቷል። ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮው ጠበቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ሲግል ይለጠጥና ይላላል፣ ጠዋት ደህና ሆና ሲሞቅ የምትለግመው ለዚህ ነበር። አንድ ሰፊ ሮንዴላ አስገብቼ አሰርኩት። በቃ።

እንዲህ የሚያሳስቱ ሌሎችም አሉ፦ የላላ የሽቦ መያዣ፣ የተሰነጠቀ የሞተር ጎማ፣ የሚንቋቋ ቺንጋ ወጣሪ፣ ያረጀ ሞተር ላይ ጠዋት የሚሰማው የፒስተን መንጓጓት።

አንድ ነገር ግን በዚህ ሁሉ አይያዝም። ተርቦና ቀጥታ ኢንጀክሽን (ነዳጁ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጭበት) ያላቸው ትንንሽ ሞተሮች ላይ፣ በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ ሲረገጥ፣ ካንዴላው እሳት ከመስጠቱ በፊት ነዳጁ በራሱ የሚነድበት ጊዜ አለ። አንድ ኃይለኛ ምት፣ ከዚያ ዝም። እሳቱን ማዘግየት እዚህ ላይ ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም የጀመረው ከእሳቱ በፊት ነው። መከላከያው ዘይቱ ነው፤ በ2018 የመጣው ኤስኤን ፕላስ እና በ2020 የመጣው ኤስፒ የተባሉት የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) የዘይት ደረጃዎች ይኼን ታሳቢ አድርገዋል። በከፍተኛ ማርሽ ዝቅ ባለ ዙር አትርገጡ፣ ማርሽ አውርዱ።

ደረጃ 6፦ ጆሮው ራሱ ጤነኛ ነው?

ፒ0325፣ ፒ0327 ወይም ፒ0328 የሚል የኖክ ሴንሰር ኮድ ካለ ኢሲዩው ሴንሰሩን አያምነውም። ያን ጊዜ ሳይሰማ መድፈር ስለማይችል ለጥንቃቄ ሲል እሳቱን በጅምላ ያዘገያል። መኪናው ሁሉም ቦታ ላይ እኩል የደከመ ከሆነ ይኼን አስቡ።

ሶኬቱን ነቅላችሁ በመልቲሜትር ለኩ። ትክክለኛው ኦም በሞተሩ ይለያያል፦ ብዙ አዳዲስ ቶዮታዎች በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ120 እስከ 280 ኪሎኦም ይላሉ፣ ቦሽ ጠፍጣፋዎቹ ከ1 ሜጋኦም በላይ ናቸው። የመኪናችሁን መመሪያ እዩ። ቀጥሎ ሜትሩን ወደ ኤሲ ሚሊቮልት አዙሩና ከሴንሰሩ አጠገብ ብሎኩን በትንሽ ቁልፍ ኳ ኳ አድርጉ፣ ቁጥሩ ሊዘል ይገባል። ሴንሰሩን ራሱን አትምቱ፣ ክሪስታሉ ይሰነጠቃል። ድሮ "ሞተሩን በሚኒሞ አስነስታችሁ ብሎኩን ስትመቱ ታይሚንጉ ካልቀነሰ ሴንሰሩ ሞቷል" ይባል ነበር። አሁን አይሠራም፤ ብዙዎቹ ኢሲዩዎች ጭነት ከሌለ አያዳምጡም።

ሴንሰር ከቀየራችሁ ማሰሩ ላይ ተጠንቀቁ። ቦሽ ጠፍጣፋው ላይ ቡሎኑ በ20 ኒውተን ሜትር ነው የሚታሰረው፣ በቶርክ ቁልፍ። ከላላ ግማሽ ደንቆሮ ይሆናል፣ ከጠበቀም ድምፁ ይዛባል። የሚቀመጥበት ፊት ንጹሕ ብረት ይሁን። ከሥሩ ሮንዴላ የለም፣ ቀለም የለም፣ ሲሊኮን የለም። ሽቦው ብረት የለበሰ ነው፤ ያ ልባስ ከተቆረጠ ከኮይሎቹ የሚመጣው ጩኸት እንደ ኳኳታ ይገባለታል።

ደረጃ 7፦ አሁን አጥፉ፣ ከዚያ አስተምሩ

ምክንያቱ ከተገኘና ከተስተካከለ በኋላ ነው ይኼ። በስካነሩ ማጥፋት ይሻላል። ባትሪ መፍታት አንዳንዱ መኪና ላይ ይሠራል፣ አንዳንዱ ግን የማይጠፋ ሜሞሪ ስላለው ምንም አይሆንም፤ የሚጠፋው የሚኒሞ ልምዱና የሬዲዮ ኮዱ ብቻ ይሆንና ሌላ ሥራ ታመጣላችሁ። ነዳጅ ነበር ምክንያቱ ካላችሁ አሮጌው ነዳጅ ሳያልቅ አታጥፉ፣ ኢሲዩው ያንኑ መጥፎ ነዳጅ እንደገና ይማረዋል።

ካጠፋችሁ በኋላ ወዲያው እስከ ወለሉ አትርገጡ። ኢሲዩው ጥበቃውን ጥሎ ወደ መነሻ ሰንጠረዡ ተመልሷል፣ ችግሩ ካልተፈታ የመጀመሪያውን ኳኳታ ፒስተኑ ነው የሚቀምሰው። ሞተሩ ይሙቅ፣ በመካከለኛ ጭነት በተለያየ ማርሽ ንዱ፣ ቀስ በቀስ ጨምሩ። አስታውሱ፣ ኢሲዩው የሚማረው የሄደበትን ቦታ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ በ2000 ዙር ስትንፏቀቁ ብትሰነብቱ ስለ 4000 ዙር ምንም አያውቅም።

ከሳምንት በኋላ ደረጃ 4ን ድገሙና መዝገቡን ከመጀመሪያው ፎቶ አጠገብ አስቀምጡት። ዜሮ ቅናሽ አትጠብቁ። ኢሲዩው ድንበሩን እየነካካ ነው የሚኖረው፣ አልፎ አልፎ 1 ወይም 2 ዲግሪ መቀነሱ ሥራው ነው። ያው ሲሊንደር ያው ቦታ ላይ ያው 6 ዲግሪ ከመጣ ግን ምክንያቱን አላገኛችሁትም፣ ወደ ደረጃ 5።

ኢሲዩውን ራሳችሁ ለምታስተካክሉ

መጀመሪያ ሴንሰሩ የሚያዳምጠውን የኳኳታውን ድግግሞሽ አስሉ። 1800ን በፓይና በሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር ስታካፍሉት ኪሎኸርዝ ይሰጣችኋል፦ 86 ሚሊሜትር ወደ 6.7፣ 81 ሚሊሜትር ወደ 7.1። እዚያ ድግግሞሽ ላይ የሞተሩ ሌላ ጫጫታ ከበዛ ወደ ሁለተኛው ውጡ። ብዙ ሰው እጥፉን ይወስዳል፤ የክብ ሲሊንደር ሁለተኛው ንዝረት ግን የመጀመሪያው 1.66 እጥፍ ነው፣ ስለዚህ ለ86 ሚሊሜትር 11 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው የሚፈለገው።

መስኮቱን ከጫፍ በኋላ 10 ዲግሪ ላይ ከፍታችሁ 60 አካባቢ ዝጉት። ቀጥታ ኢንጀክሽን ከሆነ የኢንጀክተሩ ጠቅታና የሌላ ሲሊንደር ቫልቭ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ እዚያ ውስጥ እንዳይወድቅ አጣሩ።

ከዚያ ፀጥታውን ለኩ። ጥሩ ነዳጅ ሞልታችሁ፣ ታይሚንጉን በሙሉ 5 ዲግሪ ያህል ቀንሳችሁ፣ ማለትም ኖክ ሊኖር በማይችልበት ሁኔታ፣ በየዙሩ ያለውን የድምፅ መጠን መዝግቡ። ሞተር በ6000 ዙር ከ2000 ይልቅ በራሱ በጣም ይጮኻል፣ አንድ ወጥ ድንበር ለሁሉም ካደረጋችሁ በዝቅተኛ ዙር ደንቆሮ፣ በከፍተኛ ዙር ድንጉጥ ይሆናል። ድንበሩን ከዚያ መስመር በላይ አድርጉና ታይሚንጉን መልሱ።

የኔ መነሻ ቁጥሮች፦ በአንድ ኳኳታ 2 ዲግሪ መቀነስ፣ በሰከንድ ግማሽ ዲግሪ መመለስ፣ በጠቅላላው ከ8 ዲግሪ በላይ አለመውረድ፣ እዚያ ከደረሰ ደግሞ የተርቦውን ግፊት መቁረጥ። የተማረውን እንዲጽፍ የምትፈቅዱት ውሃው 80 ዲግሪ ካለፈና ነዳጁ በድንገት ካልተረገጠ ብቻ ነው። ድንገተኛ እርግጫ ላይ ለቅጽበት ነዳጅ ያንስና ያንኳኳል፤ ያን ከተማረ ነገ በረጋ መንገድ ላይ በከንቱ ያዘገይባችኋል። እሱን የምታስተካክሉት እርግጫው ላይ በሚጨመረው ነዳጅ ነው፣ ታይሚንጉን ተዉት።